ደረጃ ሁለት

ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቆሞ ስልክ የሚያወራ ሰው ምሥጢር የለውም። እኔ ግን አወራሁ።

አንገቴ ላይ ካበጠው ንፍፊት በተወሰደው ናሙና የሊምፍ ካንሰር እንዳለብኝ ከተነገረኝ ሰንብቷል። የት የት እንደደረሰ ለማወቅ ደግሞ ሲቲ ስካንና የመቅኔ ምርመራ ታዘዘልኝ። የዚያን ቀን ውጤቱን ሰምቼ መምጣቴ ነበር።

«ደረጃዬ ታወቀ፤ ሁለት ነው» አልኳት እህቴን።

ስልኩን ስዘጋ ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን ከኋላዬ ቆመዋል። የሰው ኃይል ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ መሥሪያ ቤታችን የሠራተኛ ድልድል ላይ መሆኑንም ያውቃሉ።

«ሁለት? በዚህ ሁሉ አገልግሎት? ንቀት ነው! ዛሬውኑ ቅሬታ አስገባ!»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ...»

«ዝም በል! ላንተ ሲያንስ ሲያንስ አራት ይገባሃል!»

አመሰግናለሁ ልበል አልበል ግራ ገባኝ።

«የካንሰሩ ደረጃ ነው ጋሼ» አልኩ በመጨረሻ። «ቁጥሩ ባነሰ ይሻላል።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ክንዴን ያዙኝ።

«ዝቅ ማድረግ ከሆነማ ሐኪሙ ጋ ውሰደኝ» አሉ። «ሰው ከደረጃው ማውረድ ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ሥራ ነው።»