ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ነጋዴ

ሰበታ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ኮት ለብሶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉ ሕግ አዋቂ ይመስላል። እኔ የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው፤ ወንበርና ጠረጴዛ እመዘግባለሁ። የሰፈሬ ሰው ግን ስለ ውርስም፣ ስለ ፍቺም፣ ስለ ቤት ካርታም የሚጠይቀው እኔን ነው። እኔም «አላውቅም» ማለት ሞት ስለሚሆንብኝ እመልሳለሁ። መጥፎ ጠባይ ነው። ሚስቴ ስትነግረኝ ኖራለች፤ ያመንኳት ግን ባለፈው ሐምሌ ነው።

ጎረቤቴ እሸቴ ይባላል። አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ስንኖር ዘጠኝ ዓመታችን ነው። መንገድ ዳር ባለችው ክፍል እሱና ሚስቱ ስንዱ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ዳቦ፣ የሞባይል ካርድ ይሸጡበታል። ንግድ ፈቃዱ በእሸቴ ስም ነው። ሲያወጡት ስንዱ አራስ ስለነበረች ወረፋ የያዘው እሱ ነው። ያኔ ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። ማታ ሲመለስ ቱታውን እንኳ ሳይቀይር ባንኮኒው ጋ ይቆማል። ጨዋታ አዋቂ ስለነበር ሰው ለአንድ ሳሙና መጥቶ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ይስቅ ነበር።

የዛሬ አራት ዓመት ማሽኑ ቀኝ እጁን ያዘው። አራቱ ጣቶቹ ሄዱ፤ የቀረችው አውራ ጣቱ ብቻ ናት። ክርክሩ ዓመት ፈጀና በመጨረሻ ፋብሪካው ካሣውን በየወሩ ለአሥር ዓመት ሊከፍለው ተስማማ። የቤት ኪራዩም የልጆቹ ትምህርት ቤትም የሚከፈለው ከዚያ ነው።

እኔ ጥፋቴን የሠራሁት ስምምነቱ በተፈረመ ሰሞን ነው። ጎረቤቱ ቤቱ ተሰብስቧል፤ «እንኳን ደስ ያለህ» ይበል «እግዜር ያጽናህ» ይበል ግራ ገብቶት ብርቱካኑን እያስቀመጠ ዝም ይላል። ዝምታው ከበደኝና አፌን ከፈትኩ። «አደራህን እሸቴ፣ ሱቅ ውስጥ ስትሸጥ እንዳትታይ። አንድ የፋብሪካው ሰው ካየህ፣ ይኸው መሥራት ይችላል ብለው ካሣውን ያቋርጡብሃል። ሕጉ እንደዚያ ነው» አልኩት። ሕጉን አይቼው አላውቅም። ታክሲ ውስጥ አንዱ ለሌላው ሲያወራ የሰማሁት ነው፤ ስለ ማን እንደሚያወራም አላጣራሁም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሸቴ ባንኮኒው ጋ ቆሞ አያውቅም። ከመደርደሪያው ኋላ መጋረጃ ተሰቀለ፣ እሱም ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ስንዱ የዘይት ዋጋ ሲጠፋባት ከውስጥ ሹክ ይላታል። ደንበኛ «እሸቴ ደኅና ነው?» ሲላት «ጋደም ብሏል» ትላለች፤ እሱ እዚያው ሆኖ ይሰማል። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት የምትቆመው እሷ ብቻ ናት። የስኳሩን ኬሻ የምትጎትተውም እሷ ናት። እግሯ ላይ የደም ሥሮቿ ተገታተሩ፣ ማታ ጫማዋ አልወልቅ እያለ ያስቸግራታል። አንድ ቀን «ቁጭ በይ እንጂ» ብላት «ቁጭ ካልኩ አልነሳም» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ምን ይደረግ፣ ሕግ ነው አልኩ በልቤ። የራሴን ወሬ መልሼ አምኜዋለሁ።

ግብሩንም በየዓመቱ በውክልና የምታሳውቀው ስንዱ ነበረች። ዘንድሮ ግን ሐምሌ እንደገባ ተጂ ከተማ የሚኖሩት እናቷ ወድቀው እግራቸው ስለተሰበረ ልታስታምማቸው ሄደች። ሱቁ ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቲማቲሙ እየበሰበሰ፣ ሽንኩርቱ እያበቀለ፣ ደንበኛው ማዶ ወደተከፈተው ሱቅ እየሄደ፣ እሸቴ በዝግ በር ውስጥ ተቀመጠ። «ለምን አትከፍተውም?» ብዬ አልጠየቅኩትም፤ የሚመልስልኝ የራሴን ቃል ነዋ።

ሐምሌ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው በሬን አንኳኳ። ቀኝ እጁ እንደ ወትሮው ጃኬት ኪሱ ውስጥ ነው።

«ጋሽ ዘርሁን፣ የግብሩ ቀን ሊያልፍ ነው። በግራዬ ስጽፍ ሰው ይስቅብኛል፤ አብረኸኝ ሂድና ቅጹን ሙላልኝ» አለኝ።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድን። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ግቢው ጭቃ ነው፣ ወረፋው የሚጀምረው ከአጥሩ ውጭ ነው። ወረፋው ላይ ያለው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ምንም እንዳልሸጠ ይምላል። ከፊታችን የቆመው ባለ ቁርስ ቤት፣ ዘንድሮ ሰው ቁርስ መብላት አቁሟል ብሎ ነገረን፤ እኔ ቦርጩን አየሁ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ እግሬ ከእኔ ጋር አልነበረም። ለካ ስንዱ በየቀኑ እንዲህ ነው የምትሆነው።

መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት መኪያ እንደምትባል ደረቷ ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ ይናገራል። «አካም ጂርቱ ኦቦ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችን፤ በአማርኛ ስንመልስላት ወደ አማርኛ ዞረች። ፈቃዱን አየች፣ የቀድሞውን ደረሰኝ አየች፣ እኔም ቅጹን ሞላሁ።

«ከሱቁ ሌላ ገቢ አለዎት?» አለችው።

«የለኝም» አለ እሸቴ ቶሎ ብሎ።

ነገሩ አሳሰበኝ። ደብቆ ኋላ ቢገኝበትስ? ጎንበስ ብዬ በጆሮው «ስለ ካሣው እንጠይቃት» አልኩት።

«ተወው፣ ጋሽ ዘርሁን።»

«እንወቀው እንጂ።»

«ተወው አልኩህ» አለኝ። እንዲህ ተቆጥቶ ተናግሮኝ አያውቅም። ፍርሃት መሰለኝ። እኔ ደግሞ የጀመርኩትን ነገር መተው አላውቅም።

«እኅቴ፣ ፋብሪካ ላይ ጉዳት ደርሶበት በየወሩ ካሣ ይቀበላል። እሱስ ይጻፋል?» አልኳት።

«ስምምነቱን ይዛችኋል?»

ወረቀቱ ከንግድ ፈቃዱ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሦስት ገጽ ነው፤ ከኋላችን ሰው እያጉረመረመ እሷ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ይህ ለአካል ጉዳት የተከፈለ ካሣ ነው፤ ግብር የለበትም። የሚከፍሉት የሱቁን ብቻ ነው» አለች።

«ሱቅ ውስጥ ሲሠራ ቢያዩትስ? አያቋርጡበትም?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችን። «ለምን ያቋርጣሉ? የከፈሉት ስላጡት ጣት ነው። ሠሩም አልሠሩም ይከፈላል ይላል እኮ፣ ይኸው ቁጥር አራት ላይ። ኦቦ እሸቴ፣ ይቋረጣል ያለዎት ማን ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሸቴ ከአጠገቤ ቆሟል። ወደ እኔ አልዞረም።

«እንዲያው የሰው ወሬ ነው» አላት።

ቅጹን እንዲፈርም ሰጠችው። በግራ እጁ ፊርማውን ሳይጨርስ ከኋላችን አንዲት ሴት «እጁ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች። ጆሮው ሲቀላ አየሁ። ክፍያውን ፈጽመን ወጣን።

ባጃጅ ያዝን። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፤ ሹፌሩ ከመንገዱና ከጭቃው ጋር እየታገለ እኛን አይሰማም።

«እሸቴ፣ በድዬሃለሁ» አልኩት። «ሦስት ዓመት ሙሉ...»

«ተው፣ ጋሽ ዘርሁን።»

«አልተውም። የማላውቀውን ነገር ተናግሬ ቤትህን...»

«አውቅ ነበር» አለኝ።

አልገባኝም።

«ወረቀቱን የሰጡኝ ቀን ነው ያነበብኩት። ቁጥር አራትን በቃሌ ነው የማውቃት። አንተ ያንን ስትለኝ ግን ደስ አለኝ። እጄ በዳነ ሰሞን ሱቅ ቆሜ ለአንዲት ልጅ መልሷን ልሰጣት በዚህኛው እጄ ብዘረጋላት እጇን ሰበሰበች። ባንኮኒው ላይ አስቀምጥልኝ አለችኝ። ክፋት የላትም፤ ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ፊት መቆም አቃተኝ። ለሚስት ይህ ይነገራል? አንተ ሕግ ነው አልክ፣ እኔም ሕግ ነው አልኳት።»

«ስንዱስ?» አልኩት።

«ማታ ማታ እግሯን በሞቀ ውሃና በጨው እዘፈዝፍላታለሁ። ሕግ ሆኖብኝ ነው እንጂ በቆምኩልሽ እላታለሁ። አውቃለሁ፣ አትጨነቅ ትለኛለች።»

ተናደድኩበት። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የተናደድኩበት። የዚያችን ሴት እግር እያየ፣ እያጠበ፣ ሦስት ዓመት። ልናገረው ብዬ ዞር ስል ግን እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። ከአደጋው ወዲህ በቅርብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ያሰብኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

ስልኩ ጮኸ። ስንዱ ናት። እሸቴ ስልክ የሚያወራው ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ድምፁን ላውድ ላይ አድርጎ ነው።

«ከፈልክ?» አለችው።

«ከፈልኩ።»

«ስለ ካሣውስ ጠየቁህ?»

እሸቴ ስልኩን አየው።

«እሸቴ፣ ጠየቁህ ወይ? እንዳያቋርጡብን ፈርቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ከዚያ እኔን አየኝ። ስልኩን ከጉልበቱ ላይ አነሳሁት።

«ስንዱ፣ ዘርሁን ነኝ። ጠይቀናቸዋል፤ መሥራት ይችላል፣ ምንም አይቋረጥበትም አሉ። ድሮም ይችል ነበር። አይቻልም ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከወዲያ እናቷ ሲያቃስቱ ይሰማል።

«አይ ጋሽ ዘርሁን» አለች በመጨረሻ። «አንተ ለእኛ አስበህ ነው፣ ምን አጠፋህ። ብቻ እግሬ አለቀ።»

እሸቴ ፊቱን ወደ ሸራው አዞረ።

«እሸቴን ደግሞ አይዘን በልልኝ» አለች። «እሱም እኮ ሳያውቅ ነው።»

ስልኩ ላውድ ላይ ስለነበር መንገር አላስፈለገኝም።