አንገት ላይ የተንጠለጠለው ስልክ

የአባቴ ታላቅ ወንድም ደረታቸው ውስጥ የልብ ምት የሚያስተካክል ማሽን ተገጥሞላቸው ከአዲስ አበባ ሲመለሱ፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪማቸው፣ ሞባይል ከማሽኑ እንዲርቅ ቀደም ብሎ በስልክ አስጠንቅቆኝ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ደገኛ ገበያተኛ ሁሉ፣ ሌባ እንዳይነጥቃቸው በክር አንገታቸው ላይ አስረው፣ ልክ ማሽኑ ላይ አንጠልጥለውታል።

«ምነው አያ፣ ሐኪሙ አልነገረዎትም?»

«የደረት ኪስህ ውስጥ አታስቀምጥ ነው ያለኝ። ይሄ ኪስ ነው?»

ልከራከር ፈልጌ ፈራሁ፤ ልባቸው ቢቆጣስ? አንድ ዓይኔን መንገዱ ላይ፣ አንዱን ደረታቸው ላይ አድርጌ መንዳት ጀመርኩ። ከአዘዞ ሳንወጣ ስልኩ ጮኸ፤ ጩኸቱ ማክሰኝት ድረስ ይሰማል። በአንድ እጄ ክሩን ልጎትት ስል መኪናዋ ወደ አንድ ጋሪ ዞረች። ደግነቱ ፈረሱ ከእኔ የተሻለ ነጂ ነበርና ዘወር አለልን።

«መሪህን ያዝ!» ብለው ጮኹ። «ማሽኑ ያተረፋትን ነፍስ አንተ ልታወጣት ነው?»

ዳር ይዤ ቆምኩና ስልኩን ከአንገታቸው አውልቄ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። የደወሉት ባለቤታቸው ነበሩ። ጉዞ ስንጀምር ደግመው ደወሉ። እጄ ወደ ኋላ ወንበር መላወሷን አያ አዩ።

«ተዋት ትደውል! በደህና መግባቴን ቤት ስንደርስ በዓይኗ ታየዋለች።»