ከቅጥሩ ውጭ የምትፈትለው ሴት

ባዩሽ የወር አበባዋ ሲመጣ ዳዊት ከምትማርበት የጉለሌ ደብር ቅጥር ስለማትገባ ከጓደኞቿ ወደ ኋላ ትቀር ነበር። ያን ሰሞን በሩ አጠገብ የምታገኛት አንዲት ሴት አለች። ሴትዮዋ የጣሊያን ወታደር ካፖርት ደርባ ጥጥ ትፈትላለች፤ ቅዳሴ ሲቀደስ እንኳ ከውጭ ነች። ማታ የሚወስዳት የአንድ ጣሊያን ሹም መኪና ስለሆነ ሰፈሩ አያናግራትም።

አንድ ቀን ከነጠላዋ ቀድዳ አጣጥፋ ለባዩሽ ሰጠቻት።

«ይህን ታጠቂና እዚሁ ሆነሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ። የኔታ ይሰማሉ።»

ባዩሽ አነበበች። ስትሳሳት የኔታ ከውስጥ አረሟት፤ ለምን ውጭ እንደሆነች አልጠየቁም።

ስትጨርስ፣ «እትዬ፣ እርስዎም አበባ ላይ ሆነው ነው የማይገቡት?» አለች።

ሴትዮዋ እንዝርቷን ሳታቆም፣ «እኔማ ጣሊያን ከገባ ጀምሮ አልነጻሁም» አለቻት።