በሁለት ጾም መሃል የተጠጣ ውሃ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ ሲስተር ዘሊካን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የገባ ተከራይ ነው። በጤና ጣቢያው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ናት። ሰፈሩ ግን ይህን ሁሉ ለመጥራት ምላሱ ስለሚሰንፍ «የእብዶቹ ሲስተር» ይላታል። እሷም አትቆጣም። «አዎ፣ የእብዶቹ ነኝ፤ የጤነኞቹንማ ማን ይችላቸዋል?» ብላ ታልፋለች።

ሥራውን የጀመረች ሰሞን እናቷ ከሕሙማን ጋር ውላ እንዳታብድባቸው ፈርተው «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» እያሉ ነዘነዟት። «እሱንማ እዚሁ ሰፈር ተምሬ ጨርሻለሁ፣ እማ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ተረቱ በዚያ ቤት አልተነሣም።

ይህ አፏና ግትርነቷ እዚያች ክፍል ውስጥ ሥራ አገኘ። መድኃኒት እንደሚያድን ማንም ይናገራል። እንደሚያስቸግር ግን ደፍሮ የሚናገር ጥቂት ነው። ዘሊካ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ትናገራለች። ይህ መርፌ አንገትህን ሊያጣምመው፣ ዓይንህን ወደ ላይ ሊሰቅለው ይችላል፤ ጋኔን እንዳይመስልህ፣ መርፌው ነው፣ ማርከሻ አለውና ሮጠህ ና። ይህች ኪኒን ታወፍርሻለች፤ ቀሚስ ጠበበኝ ብለሽ ኪኒኗን ከመጣልሽ በፊት መጥተሽ ስደቢኝ። የሥራ ባልደረባዋ ማቲዎስ አንድ ቀን «እንዲህ ካስፈራራሻቸው መድኃኒቱን ይጥሉታል እኮ» አላት። «የሚጥሉትማ ሳንነግራቸው ሲደርስባቸው ነው» አለችው።

ከሁሉም አብዝታ የምትፈራው ሊትየምን ነበር። ጥሩ መድኃኒት ነው። ልክ ያጣ ደስታንም፣ ከአልጋ የማያስነሣ ኀዘንንም ልጓም ያስገባል። ሰውነት ውሃ ካጣ ግን መድኃኒቱ ከሽንት ጋር መውጣቱን ትቶ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ያዳነውን ሰው መልሶ ይመርዘዋል። ውሃ የማይቀመስበት ጾም ላለበት አገር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ዘሊካ ሊትየም የሚወስዱትን ሁሉ፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም፣ አስቀድማ እየጠራች ለመነች፣ ተቆጣች፣ አስማለች። ለእትዬ የማርያምወርቅ ግን ይህም አልበቃ አላት።

እትዬ የማርያምወርቅ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። ከዓመታት በፊት ሕመሙ ተነሥቶባቸው ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን ለመንገደኛ ሁሉ በነጻ አድለው ነበር። ሊትየም ከጀመሩ ወዲህ እንኳን ሊያድሉ፣ ምርቃት የሚጠይቅ ደንበኛ የሚያባርሩ ሆነዋል። ገበያው ግን ያቺን ቀን አልረሳላቸውም። ስለዚህ ዘሊካ ጾሙ ሳይገባ ወደ ቤታቸው ዳገቱን ወጥታ የነፍስ አባታቸውን መምሬ ሕሩይን አስጠራች። አረጋዊው ነገሩን ሰምተው «ልጄ፣ ከጥሉላቱ ጹሚ፣ ውሃውን ግን ጠጪ። ዕዳው በእኔ ይሁን» አሏቸው። እትዬ የማርያምወርቅም «እሺ አባቴ» አሉ። እሺታው ግን ከጥርሳቸው አላለፈም።

ጾሙ ሲጋመስ ልጃቸው ሃኒ እያለቀሰች ደወለች። «ሲስተር፣ እማዬ እየተንገዳገደች ነው። ስትናገር ይኮላተፋታል። ጎረቤት በጾም ሰከረች እያለ ነው!»

«ያስመልሳታል?»

«ከትናንት ጀምሮ።»

«እጇስ?»

«ብርጭቆ አይይዝላትም።»

ዘሊካ ማቲዎስን መኪና ፈልጎ እንዲከተላት ነግራ፣ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች። ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት ስትያያዘው ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። እሷም ጾመኛ ናት፤ ሌሊት ከበላችው ወዲህ ጠብታ አልቀመሰችም።

ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ «ሲስተር፣ ይሄ የእናንተ ነገር አይደለም። ጠበል ነው የሚያሻት» አለቻት።

«ጠበሉ ይደርሳል። መጀመሪያ የምትጠመቅበት ነፍስ ትኑራት» አለችና ገፍታ ገባች።

የእትዬ የማርያምወርቅን እጅ ያዘች። ያ ሊትየሙ የሚያመጣው፣ ድሮ የምታውቀው ቀጭን መንቀጥቀጥ አልነበረም፤ ክንዳቸው እስከ ትከሻቸው ይዘላል። ከራስጌያቸው ለጾም ራስ ምታት ብለው ከፋርማሲ የገዙት፣ የተጋመሰ የአይቡፕሮፌን እሽግ አየች። እሱ ደግሞ ሊትየሙ ከደም እንዳይወጣ ይይዘዋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

«መመረዝ ነው» አለች ለሃኒ። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልደረሰች እናጣታለን። ውሃ አምጪ።»

ብርጭቆው መጣ። እትዬ የማርያምወርቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አልገድፍም። መኪናውም ላይ አልወጣም።»

«መምሬ ፈቅደውልዎታል እኮ።»

«የፈቀዱት ለእብዷ ነው» አሉ፣ ቃሉ እየተሳሰረባቸው። «ገበያው እብዷ፣ ሰፈሩ እብዷ። ከሰው እኩል የምቆጠረው በጾም ብቻ ነው። እሱንም ልትቀሚኝ መጣሽ?» ዞረው ዘሊካን አስተዋሏት። «ከንፈርሽ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጾመኛ ሆነሽ ጾመኛን ጠጪ ትያለሽ? በይ፣ አንቺ ከጠጣሽ እጠጣለሁ።»

ይህን ያሉት እንደማታደርገው እርግጠኛ ሆነው ነው። ቤቱም ሁሉ እንደዚያው አሰበ።

ዘሊካ ተናደደች። በእሳቸው አልነበረም። አንዲት ሴት አንድ ብርጭቆ ውሃ ክብሯን የሚወስድባት እስኪመስላት ድረስ እብድ እያለ በሰደባት ሰው ሁሉ ነው የተናደደችው። ብርጭቆውን አነሣች፣ «ቢስሚላህ» አለች፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት እስከ ግማሽ ጠጣች።

«ይኸው። ግማሹ የእርስዎ ነው።»

እትዬ የማርያምወርቅ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ምነው ልጄ? ጾምሽስ?»

«ቀኑን ሌላ ጊዜ ጾሜ እከፍላለሁ፤ ቀዷ አለው። ነፍስ ግን ቀዷ የላትም።»

ሃኒ ብርጭቆውን ደገፈችላቸው። ጠጡ፤ ሌላም ጨመሩ። ማቲዎስ መኪናውን ይዞ ሲደርስ «ደግፉኝ» ብለው ራሳቸው ጠየቁ።

ሆስፒታል ተኝተው በጉሉኮስ ከረሙ። ሐኪሙ ደማቸው እስኪጸዳ ሊትየሙን አቁሞ፣ በኋላ መጠኑን ቀንሶ አስጀመራቸው። ወሬው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ሾላ ደረሰ። የዘሊካ እናት «ለሰው ጾም ብለሽ የራስሽን ፈታሽ?» ብለው ተቆጡ። «ለሰው ጾም አይደለም፣ ለሰው ነው» አለች። አንዳንዱ አመሰገናት፣ አንዳንዱ አማት፤ ለሁለቱም ጊዜ አልነበራትም።

ሰኔ ገባ። የሐዋርያት ጾም ነበር። ዘሊካ ያቺን ቀን ልትከፍል ጾማ ሥራ ገብታለች። የክፍሏ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች መሃል እትዬ የማርያምወርቅ ተቀምጠዋል።

«ያቺን ቀን ዛሬ ነው አሉ የምትከፍያት?» አሏት ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ከዘንቢላቸው የውሃ ጠርሙስ አወጡ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ «በጾም! ገና በጠዋቱ!» ብላ አንሾካሾከች።

«አዎ፣ በጾም!» አሉ እትዬ የማርያምወርቅ። «ሊትየም የምወስድ ሰው ነኝ፤ ውሃ እጠጣለሁ። ሌላ ጥያቄ አለሽ?» ወደ ዘሊካ ዞሩ። «በይ ልጄ፣ አንቺ የእኔን ጹሚልኝ፤ እኔ ደግሞ የአንቺን እጠጣልሻለሁ።»

ዓይናቸውን ከሴቶቹ ላይ ሳይነቅሉ ጠርሙሱን እስከ ታች ጨለጡት። እጃቸው እንደ ድሮው በቀጭኑ ይንቀጠቀጣል፤ ጠብታ ግን አልፈሰሰም።