ዙቤዳ ያላየችው ፊት

ሳጉሬ ገበያ ቅቤ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዙቤዳ ነበር። ዐይኗ አያይም። ግን ቅቤውን በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋና አሽትታ «ይኼ የሦስት ቀን ነው፤ ያ ግን ሰንብቷል» ካለች የሚከራከራት አልነበረም። ከሌላ ሰው የገዙትን እንኳ አምጥተው ያስነኳት ነበር።

ዐይኗ የጠፋው ባንድ ጊዜ አይደለም። ገብስ በበቅሎ የሚያመላልሰውን ከሊፋን ባገባች በሦስተኛው ዓመት ዓለሙ ሁሉ ጭጋግ የገባበት መሰላት። በቆጂ ተወልዳ ላደገች ሴት ጭጋግ ብርቅ አይደለም፤ ጠዋት ይመጣል፣ ረፋዱ ላይ ይነሣል። ይኼኛው ግን አልተነሣም። በ1942 ዓ.ም. ሴት ልጅ ስትወልድ ከብርሃንና ከጥላ በቀር የምትለየው ነገር አልነበራትም። ከሊፋ ልጁን ኢፍቱ አላት፤ በኦሮምኛ የምታበራ እንደ ማለት ነው። አዋላጇ ሕፃኗን ስታስታቅፋት ዙቤዳ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ከንፈሯን በጣቷ ዳሰሰችና፣

«ማንን ትመስላለች?» ብላ ጠየቀች።

«አሁን የተወለደ ልጅ ምን መልክ አለው? ቆይቶ ይለያል» አለቻት።

ኢፍቱ አራት ዓመት ሳይሞላት ጀምሮ ገበያ ከእናቷ ጎን መቀመጥ ለመደች። እንደ ሰፈሩ ልጆች እናቷን «አዮ» ነበር የምትላት። ወሬ አይሰለቻትም። «አዮ፣ ጭላሎ ተራራ ዛሬ ደመና ለብሷል።» «አዮ፣ ያቺ ሴትዮ ቅቤሽን ትታ ጫማ የሚጠርገው ሰውዬ ላይ አፍጣለች።» ዙቤዳ በልጅቷ አፍ ገበያውን ታይ ነበር። ማታ ማታ ፀጉሯን ቅቤ ስትቀባት ጣቶቿ ወደ ፊቷ ይወርዱና ጥቂት ይቆያሉ። ፊት ለፊት ያለችውን የተሸረፈች ጥርስ፣ አገጯ ሥር ያለችውን ጠባሳ ታውቃለች። ኢፍቱ የኮረኮሯት ይመስል እየሳቀች ትሸሻለች።

በ1951 ዓ.ም. ጥር ላይ ከአሰላ አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ወደ ሳጉሬ መጣ። በዛብህ ይባላል፤ የሸዋ ሰው ነው፣ ለሥራ ተመድቦ ነው አገሩን የለቀቀው። ገበያ መሐል ዙቤዳን አየና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እናቴ፣ እስኪ ቀና ይበሉልኝ።»

የዐይኗን ቆብ በጣቱ ገለጥ አድርጎ መረመራት።

«ይኼ ሞራ ነው፤ ዐይንዎ አልሞተም። በዚህ ወር ሞራ የሚያወጣ ሐኪም አሰላ ይመጣል፣ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። ይምጡ።»

«ዐይኔ ውስጥ ቢላ ሊያገባ?»

«በጣም ትንሽ ነች። አደንዝዘው ነው፤ አያምዎትም።»

ዙቤዳ ባሌን ላማክር ብላ አሰናበተችው። ሰፈሩ ግን ቀድሞ ተማክሮ ነበር። አንዱ ዐይን ነቅለው ያወጣሉ አለ፣ ሌላዋ የቀረችሽን ብርሃን ያጠፉብሻል አለቻት። ከሊፋ «አንቺ ካልሽ በቅሎዋን እጭናለሁ» ከማለት ሌላ አልጨመረም። የሚገፋት ሰው ብትፈልግ ያገኘችው ልጇን ብቻ ነበር።

«ሂጂ እንጂ አዮ። አይተሽኝ አታውቂም እኮ።»

«በእጄ አይቼሻለሁ።»

«በእጅ ቀለም አይታይም።»

ዙቤዳ ሳቀች። «የሚመጣው ዓመት፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያ ዐይኔ አንቺ ነሽ።»

ሐኪሙ ሁለት ሳምንቱን ጨርሶ ሄደ።

ግንቦት ላይ ኩፍኝ ገባ። ከሰፈሩ ስድስት ልጆች ወሰደ። ኢፍቱ በአምስተኛው ቀን ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ከሊፋ አሰላ ላድርሳት ብሎ ደጅ በቅሎዋን ሲጭን፣ ልጅቷ ቤት ውስጥ በእናቷ ክንድ ላይ አለፈች። ዙቤዳ ትንፋሹ መቆሙን ሰማች፤ ተመልሶ እንደሆነ ብላ ጆሮዋን አስጠግታ ቆየች።

ሴቶቹ አጥበው ሊከፍኗት ሲሉ «አንዴ ቆዩ» አለች። የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ማንም አላቸኮላትም።

ገበያ መውጣቱን ተወችው። ቅቤ የሚያስነካት ሰው ቤቷ ድረስ ቢመጣም፣ ነክታ «ደህና ነው» ብላ ትሸኘዋለች። በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ በዛብህ ሐኪሙ መምጣቱን በእህል መኪና ረዳት በኩል ላከባት። ዙቤዳ ነጠላዋን አንሥታ ቆመች። ከሊፋ ግራ ገባው።

«አምና እንቢ ብለሽ የለም እንዴ?»

«አምና እፈራ ነበር። አሁን ምን ቀረኝና ነው የምፈራው?»

ሞራው ወጣ። ስምንት ቀን በጀርባዋ ተኝታ፣ ሁለቱም ዐይኖቿ ታስረው ቆየች። በዘጠነኛው ቀን በዛብህ ፋሻውን ፈታና ወፍራም መነጽር አደረገላት። መጀመሪያ ነጭ ጋዋን አየች። ከዚያ አልጋው ግርጌ የቆመ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው።

«ከሊፋ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሸበትክ እኮ።»

ከሊፋ ጢሙን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። በዛብህ «እንኳን ደስ አላችሁ» እያለ ይስቃል። ዙቤዳ አላለቀሰችም። ወደ በሩ ዞረችና አየች። በበሩ የሚገባ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሳጉሬ ስትመለስ ሰፈሩ በእልልታ ተቀበላት። እናቶች ልጆቻቸውን እያስጠጉ «ይኼን እይልኝ፣ ይቺን እይልኝ» አሏት። ሁሉንም አየች። ዘጠኝ ዐሥር ዓመት የሚሆናትን ሴት ልጅ ስታገኝ ግን ዐይኗን ለማንሣት ይቸግራት ነበር። ማታ ከሊፋን ጠየቀችው።

«ምን ትመስል ነበር?»

ከሊፋ ወሬ አያውቅበትም። ብዙ አሰበና «አንቺን» አለ።

በነጋታው መስተዋት ተዋሰች። ያየችው ዐይኖቿ በመነጽር ውስጥ ትልልቅ የሆኑ፣ ጉንጯ የገባ፣ የማታውቃት ሴትዮ ነበረች። እዚያ ውስጥ ልጇን ፈልጋ አጣች። ጎረቤቶቿን ጠየቀች። አንዷ ጠይም ነበረች አለች፣ ሌላዋ የለም ቀይ ነበረች አለች። በዚያን ጊዜ ሳጉሬ ውስጥ የድሃ ልጅ ፎቶ የሚያነሣ ማን ነበር?

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ለወትሮው ዐይኗን ጨፈን ስታደርግ የኢፍቱ ፊት ጣቶቿ ላይ ይመጣላት ነበር፤ ጥርሷ፣ ጠባሳዋ፣ የጉንጯ ሙቀት። ማየት ከጀመረች ወራት ሲያልፉ እጆቿ ይረሱ ጀመር። መነጽሯን አውልቃ ግድግዳ ሥር ቁጭ ትላለች፤ የሚመጣላት ግን ቀን ሰፈር ውስጥ ያየቻቸው የሌላ ሰው ልጆች ፊት ነው።

ዙቤዳ በሚቀጥሉት ዓመታት ከሳጉሬም፣ ከኦጎልቾም፣ ከበቆጂም ዐይነ ስውራን እየፈለገች አሰላ ትወስድ ነበር። የዋህ ናት የሚሏት ሰዎች በዚህ ነገር ላይ ግን ጨካኝ ናት ይላሉ። «የሚመጣው ዓመት» ያለ ሰው ካለ ደጁ ላይ ተቀምጣ አትነሣም። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግራ አታውቅም። በ1954 ዓ.ም. ፋጡ የምትባል የበቆጂ ሴት ይዛ ሄደች። ፋሻው የሚፈታ ዕለት የፋጡ ሴት ልጅ አልጋው አጠገብ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ዙቤዳ ልጅቷን ወደ እናትየው ፊት ገፋ አደረገቻትና ወጣች። በዛብህ ከሐኪም ቤቱ ኋላ አገኛት።

«ምን ሆኑብኝ?»

«ምንም። አየቻት?»

«አየቻት።»

«እሰይ» አለች።

ያን ቀን ከሊፋ ሊወስዳት መጥቶ ነበር። በቅሎዋን እየሳበ፣ እሷ ተቀምጣ፣ የገብሱ ማሳ መሐል ሲደርሱ ሳትጠይቀው ተናገረ።

«ስትስቅ አንድ ዐይኗን ትጨፍን ነበር።»

ዙቤዳ በቅሎዋ ላይ ቀና አለች። ይኼን እጆቿ አያውቁትም።

«የትኛውን?»

«የግራውን» አለ ከሊፋ። ጥቂት እንደሄዱ ቆመ። «አይ፣ የቀኙን መሰለኝ።» መንገዱ ላይ ቆሞ አሰበ፣ አሰበ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣

«ረሳሁት፣ ዙቤዳ» አላት።

ዙቤዳ መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን ጨፈነች። ከሊፋ ልጓሙን ይዞ ቆመ፤ ቆይቶ በቅሎዋን ሳባት።