የእህቴ ስልክና ረጅሙ ዓምድ

ፖሊሱ በማትናሱ፣ በሰፈራችን የማኅበረሰብ ማእከል፣ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሥዕሉን ሲያበራው እህቴ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። የተያዙ ልጆችን ብዛት የሚያሳዩ ዓምዶች ናቸው፤ አጫጭሮቹ የሌላው ሰው፣ ረጅሙ ከኢትዮጵያ የመጣነው የእኛ። እዚህ እስራኤል፣ ቤርሼቫ ውስጥ ልጆቻችን ለምን በብዛት እንደሚያዙ ሊያስረዱን ነው እናቶችን የሰበሰቡን።

«ቁጥር አይዋሽም» አለ በአስተርጓሚ። «ቤታችሁን ተመልከቱ።»

እህቴ ቤቷን ተመልክታ ነበር። ባለፈው ክረምት ሁለቱ ልጆቿ በስልክ ቻርጀር ተጣልተው የታናሽየው ከንፈር ሲደማ ፖሊስ ጠራች። ጎንደር ቢሆን ሽማግሌ ትጠራ ነበር፤ ገሥጸው፣ አስታርቀው ይሄዳሉ። እዚህ ሽማግሌዎቹ በየከተማው ተበትነዋል፤ የደንብ ልብስ የለበሰው ይገሥጽልኛል ብላ ነው። እሱ ግን ትልቁን በካቴና ይዞት ሄደ። ቲክ ተከፈተበት፤ ፖሊስ ዘንድ የሚቀመጥ መዝገብ ማለት ነው። አሁን ልጁ ሊገባበት የሚመኘው የጦር ክፍል «መጀመሪያ ቲክህ ይዘጋ» ብሎታል። እናቱን ካኮረፈ ከረመ፤ ቢመልስላትም በዕብራይስጥ፣ ያውም በአንድ ቃል።

ተነሣሁ።

«የኔ ጌታ፣ እኔ ኤመቅ ሳራ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈሩ፣ ፋብሪካ ነው የምሠራ። የፈረንጅቷ አለቃዬ ልጆች ተደባድበው አንዱ ጥርሱ ወልቋል። እየሳቀች ነው የነገረችን። ያ ጥርስ የትኛው ዓምድ ላይ ነው? ማንም አልጠራችሁማ። እኛ ሰፈር ግን ጠዋት ማታ ትመላለሳላችሁ፣ ልጆቻችንን መታወቂያ አምጡ ትላላችሁ። እኛ ዘንድ ብቻ ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን ቆጥራችሁ፣ ጠባያችሁ ነው ትሉናላችሁ።»

አስተርጓሚዋ ወጣት ናት። ያን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

«ቀሪውን የት አደረግሽው?» አልኳት።

«ፍሬ ነገሩን ብዬዋለሁ፣ እማማ።»

«ልጣጩንም ጨምሪለት።»

ፖሊሱ ፈገግ አለ። «ጌቬሬት» አለኝ፣ እመቤቴ ማለቱ ነው፤ «ካልጠራችሁን እንዴት እንረዳችኋለን?»

ይኼኔ፣ በሰው ፊት ተናግራ የማታውቀው እህቴ ብድግ አለች። ረጅሙን ዓምድ በጣቷ አሳየችው።

«የኔ ጥሪ እዚያ ውስጥ አለ?»

«ሁሉም አለ።»

«እንግዲያው የኔን አውጣው።»

ቲክ የሚዘጋው ሌላ ቢሮ ነው፣ ጠበቃ ይዘሽ አመልክቺ አላትና ሰዓቱን አየ።

ስንወጣ በር ላይ ቆሞ፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ የፖሊስ ስልክ ቁጥር ያለበት ማግኔት ያድል ጀመር። እህቴ እንዳስተዳደጓ በሁለት እጇ ተቀበለችው። አገላብጣ አየችውና መልሳ መዳፉ ላይ አኖረችው።

«ለእህቴ አለቃ ስጥልኝ» አለችው። «እሷ ልጆቿ ሲደባደቡ ለእናንተ ደውላ አታውቅም።»

ይህችን እንኳ አስተርጓሚዋ ቃል ሳታጓድል ነገረችው።