አያቴ የከለከለችው ለቅሶ

ልጅ ሳለሁ፣ እንጅባራ ላይ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለን እኔና ወንድሞቼ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ሰፈሩ ሁሉ ሲራገም እኛ የከሰል ማንደጃውን ከበን፣ ድንቹን ረመጥ ውስጥ ቀብረን፣ «በይ እንግዲህ እትየ!» እንል ነበር። እትየ ትሁን የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። ዕድሜዋን አዲስ አበባ ትያትር ቤት የፈጀች፣ ኋላም በቴሌቪዥን ድራማ አገር ያወቃት ተዋናይ ነበረች። ያኔ ግን እናቷን ላስታም ብላ መጥታ ከእኛው ጋር ትኖር ነበር።

የእንጅባራ ዝናብ መቼም ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ከሰው አይደማመጥም። እሷ ግን ዝናቡን በድምፅዋ ትረታው ነበር። ዝንጀሮውን ስታወራ ዝንጀሮ፣ ጅቡን ስታወራ ጅብ ናት። ተረቱ ሲያልቅባት የራሷን ሕይወት ታወራናለች፤ መድረክ ላይ ንግሥት ሆና መርዝ ጠጥታ እንዴት እንደሞተች፣ በሞተችበት ትንኝ አፍንጫዋ ገብቶ እንዴት እንዳላስነጠሰች። ይህን ስትል እዚያው ከሰሉ ጎን ዝርር ብላ ትሞትልን ነበር። ትንሹ ወንድሜ ሁልጊዜ ያለቅሳል፤ እኛ በእሱ እንስቃለን። ጭሱ ዐይናችንን እያቃጠለው፣ የኩራዙ ጥላ ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ፣ ያኔ ከእሷ የሚበልጥ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ድምፅዋን ከፍ የምታደርገው ግን ለእኛ ብላ እንዳልነበረ ቆይቶ ነው የገባኝ። ክፍሉ መሀል መጋረጃ ነበር፤ ከመጋረጃው ወዲያ አያቴ የሹ አልጋ ላይ ተኝታለች። ልጇ ከመጣችበት ዕለት ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰችላትም። እትየ ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፣ ታገላብጣታለች፤ አያቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው። ለአባቴ የምትፈልገውን በአገውኛ ትነግረዋለች፤ ልጇን እንደሌለች ትቆጥራታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ባወቀው ድራማ እትየ ትሁን እናቷ የሞተችባት ሴት ሆና ነበር የምትጫወት። በቀረጻው ቀን እንባ እምቢ አላት። ካሜራው ቆሟል፣ ሰው ሁሉ እሷን ይጠብቃል፣ አዘጋጁ ይቆጣል። ያኔ የገዛ እናቷ የሞተች መሰላትና ደረቷን እየመታች «የሹዬ! የሹ እናቴ!» ብላ ጮኸች። አዘጋጁ ወደደው፤ ሳይቆርጥ ተወው። እኛ አገር በሕይወት ያለ ሰው ስም በለቅሶ አይጠራም፤ የተጠራ እንደሆነ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ተዋናይ ሁና ከረመችና ይኸን እንኳ ረሳች፣ የሹ ልጅ! አያቴ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ቁጭ ብላ፣ ልጄ ልትታይ ነው ብላ ነጠላዋን ለብሳ፣ በዐይኗ አየችው። በዚያው ሰሞን ደጃፉ ላይ ወደቀች፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሣችም።

እትየ ደንግጣ በመጣች ዕለት አያቴ አንድ ጊዜ ተናገረቻት። «ለእኔ አልቅሰሻል። የሞትሁ ዕለት አፍሽን ከፍተሽ ብታለቅሺ ገዝቼሻለሁ።»

ግዝት እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ያሰረው ሰው ካልፈታው መቃብር ድረስ ይከተላል ይባላል። ስለዚህ እትየ ትሁን ማታ ማታ የምትተርተው መጋረጃውን ለመክፈት ነበር። አንድ ማታ የዝንጀሮውን ሽማግሌ ስታስመስል አያቴ ወዲያ ሆና ፍርፍር ብላ ሳቀች። እትየ በአራት እግሯ እንዳለች ደርቃ ቀረች። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቆማት! ዝንጀሮውን በአማርኛ ትጨርስና በአገውኛ ትደግመዋለች፤ እኛ በቃን ስንል እሷ ገና ትጀምራለች።

ሳቅ ግን ምሕረት አይደለም። ሌላ ማታ ስለ አንዲት ጥጃ ተረተችልን። ጥጃዋ ከእናቷ ተለይታ ከወንዝ ማዶ ለሰው ተሰጠች፤ እዚያ ካልጮኸች ሣር የሚሰጣት የለም። ሲርባት እናቷን እየጠራች ጮኸች፤ እናቷ ከወዲህ ሰምታ ልጄ ረገመችኝ ብላ ጡቷ ደረቀ። «ጥጃዋ ግን የጮኸች ርቧት ነበር እኮ፤ ክፋት አላሰበችም» አለች እትየ፣ እኛን ሳይሆን መጋረጃውን እያየች። ከዚያ የአያቴ ድምፅ መጣ፤ «ጥጃ ስም አትጠራም።»

በዚያ ማታ ድንቹ ከሰል ሆነ፤ ያስታወሰውም የለ።

አባቴ የአያቴን የነፍስ አባት አስመጣ። ቄሱ አልጋው ጎን ተቀምጠው «የሹ፣ ፍችላት፤ ልጅሽ ናት፤ አምላክም ይቅር ባይ ነው» ብለው ለመኑ። አያቴ መስቀሉን ሳመች፤ ከዚያ «አንዴ አልቅሳልኛለች አባ፤ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስለትም» አለች። በሞተችበት ጧት ልጇን በእጇ ጠቀሰቻት። እትየ ሮጣ ተንበርክካ ጆሮዋን አፏ ላይ አደረገች። አሁንስ ፈታቻት አልሁ በልቤ። አያቴ የጠየቀች ውኃ ነበር።

ለቅሶው ትልቅ ነበር። ከጎረቤት ከተሞቹ ከግምጃ ቤት፣ ከአዲስ ቅዳም ሳይቀር ሰው መጣ፤ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን ሸልመው ሜዳውን እየዞሩ ያለቅሳሉ። ሰው ግን እውነቱን ለመናገር ግማሹ የመጣው እትየ ትሁንን ለማየት ነው። አገር ያስለቀሰች ሴት ለእናቷማ ምን ልትሆን ነው! እሷ ወገቧን ታጥቃ፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ፣ ሐውልት ሆና ቆመች። ሰዉ ጠበቀ። አልቃሿ ጠበቀች። ኋላ አልቃሿ መሀል ገብታ ፊቷን ወደ እትየ አድርጋ ሙሾውን አወረደችው፤

«ለሰው እናት ጮኻ አገር ያስለቀሰች፣
የናቷ ቀን ሲደርስ ምነው ዝም አለች?»

ሴቶቹ «ወይ ጉድ!» አሉ። አባቴ ሊናገር አፉን ሲከፍት እትየ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። እኔ ከሥሯ ስለነበርሁ አየሁት፤ የነከሰችው ነጠላ በደም ቀልቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ «ዐይነ ደረቅ» ሆነ። ለማጽናናት የመጡት ሴቶች አባቴን አጽናንተው እሷን እያለፉ ወጡ።

ከተስካሩ በኋላ «እትየ፣ ግዝቱን ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኋት።

«ሬሳዋ ፊት ቆሜ እናቴ ጨካኝ ነበረች ልበል?» አለችኝ። «እኔን ይሙኝ።»

ዛሬ እኔ ዳንግላ ነው የምኖረው፤ ወልጄ ከብጄ አለሁ። እትየ ትሁን እዚያው ቤት ብቻዋን ናት። ለመጠየቅ ስንሄድ ልጆቼ ተረት ንገሪን ይሏታል፤ «ረስቸዋለሁ» ትላቸዋለች፣ በጆሮ እንደሚነገር ነገር ቀስ ብላ። ውሸቷን ነው፤ እንዲያ ያለ ነገር አይረሳም። አያቴን እወዳታለሁ፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ይኸን ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ እስካሁን ይቅር አላልኋትም።